የማንም ያልሆነ ቋንቋ እንዴት ይሮጣል?

ኤስፔራንቶን የሚነቅፉ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከቃላቱ ነው። «የዓለም ሁሉ ቋንቋ ይባላል እንጂ ከላቲን፣ ከፈረንሳይኛ፣ ከጀርመንኛና ከስላቭ ቋንቋዎች የተለቃቀመ የአውሮፓ ልጅ ነው» ይላሉ። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከነቀፋዎች ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው። ቃልማ ይሸመደዳል። ዳቦ «ፓኖ»፣ ውሃ «አክቮ» መባሉን የሰማ ሰው ጥቂት ቀን ካነበነበው በኋላ የራሱ ያደርገዋል። እኛስ «ጠረጴዛ»ን፣ «መኪና»ን፣ «ፖሊስ»ን የራሳችን ስናደርግ ማን አባታቸውን ጠየቀ?

እኔ የምጠይቀው ከዚያ ጠለቅ ያለውን ነው። ይኸው ቋንቋ ሰውን ከቤት ሲያስወጣና ሲያስገባ፣ ከተራራ ሲያወርድ፣ ወንዝ ሲያሻግር በማን አረማመድ ይራመዳል? ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አቁሞ «ይህ ከዚያ ይበልጣል» ሲልስ በማን ሚዛን ይመዝናል? ቋንቋ ተማሪ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚማረው እነዚህን ሁለቱን ነው፤ መሄድና መምጣትን፣ መብለጥና ማነስን። «ለሁሉም እኩል ነኝ» ያለ ቋንቋ እኩልነቱ የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ለዚህ ብዬ ያነበብሁት የቋንቋውን ጥንታዊ የመልመጃ መጽሐፍ፣ «ኤክዜርጻሮ»ን ነው። ያዘጋጀው የቋንቋው ፈጣሪ ራሱ፣ ዶክተር ሉድቪክ ዛሜንሆፍ ነው። ዛሜንሆፍ በ1859 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያኔ በሩስያ ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በምትገኘው ቢያሊስቶክ ተወለደ። አይሁዱ፣ ፖላንዱ፣ ሩስያውና ጀርመኑ በአንድ ገበያ እየተገበያዩ በየቋንቋቸው የሚናናቁባት ከተማ ነበረች። በ1887 ዋርሶ ላይ «ዶክቶሮ ኤስፔራንቶ»፣ ማለትም «ተስፈኛው ዶክተር» በሚል የብዕር ስም የመጀመሪያዋን ቀጭን መጽሐፍ አሳተመ። የቃል ሥሮቹ 900 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ1905 ደግሞ 16ቱን የሰዋስው ደንቦች፣ 42 ክፍል ያለውን ኤክዜርጻሮና መዝገበ ቃላቱን በአንድነት አስጠርዞ «ፉንዳሜንቶ» (መሠረት) ብሎ አወጣው። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ፣ በቡሎኝ ሱር ሜር ከተማ የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይህ መጽሐፍ በማንም እንዳይነካ ተስማማ። ደንቦቹም ሆኑ የቃላቱ ፍቺዎች የተጻፉት በአምስት ቋንቋ ነው፤ በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ፣ በሩስያኛና በፖላንድኛ። ስድስተኛ የለም።

የመልመጃ መጽሐፍ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ገጽ ላይ ምን ይሠራል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ኤክዜርጻሮን ያነበብሁት እንደ ድርሰት ነው። እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «የትኛውም ሕዝብ ይረዳዋል» ብሎ የመረጠ ሰው ሳያውቀው የራሱን ዓለም ይተርካል። ደግሞስ ደረቅ ብቻ አይደለም። ከፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ተረቶች አንዱን፣ የመበለቲቱንና የሁለቱን ሴት ልጆቿን ታሪክ፣ ቆራርጦ በየደንቡ መካከል ሰግስጎታል። ተማሪው ደንቡ ሲሰለቸው ተረቱ ይቀጥልለታል። ብልሃቱን የዛሬዎቹ አዘጋጆች ቢቀጥሉበት ጥሩ ነበር።

መጀመሪያ ምስጋናውን ላስቀድም። አማርኛ ተናጋሪ ወደዚህ ቋንቋ ሲገባ ከበሩ ላይ የሚያውቀው ሰው ይጠብቀዋል። እሱም «ን» ነው። «ሚ ማንጃስ ፓኖን» ማለት «ዳቦን እበላለሁ» ማለት ነው። ተሳቢው ነገር መጨረሻው ላይ «ን» ይይዛል። ዳቦው ሲበዛ «ፓኖይን» ይሆናል፤ አስቀድሞ የብዙ ቁጥሩ ምልክት፣ ከዚያ «ን»። «ዳቦዎችን» የሚለውን ፈታትቶ ለተመለከተ ቅደም ተከተሉ እንኳ አንድ ነው። የአጋጣሚ ነገር እንጂ ዝምድና አይደለም፤ ቢሆንም እንግሊዛዊውና ፈረንሳዊው ተማሪ ለዘመናት ሲያማርርበት የኖረው ነገር ለእኛ እንደ ዘመድ ቤት ነው። በ1907 ከኤስፔራንቶ ተገንጥሎ የወጣው «ኢዶ» የተባለው ቋንቋ ይህን «ን» ግዴታ መሆኑን አስቀርቶታል። አሻሻልን ባዮቹ ለማን እንዳሻሻሉ ልብ ይሏል።

13ኛው ደንብ ደግሞ ይህኑ «ን» ለሌላ ሥራ ያሰማራዋል፤ አቅጣጫን እንዲያሳይ። «ላ አዜኖ ኩራስ ኤን ላ ባዛሮ» ቢባል አህያው ገበያው ውስጥ ሆኖ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። «ላ አዜኖ ኩራስ ኤን ላ ባዛሮን» ቢባል ግን አህያው ከውጭ ነበር፤ አሁን ሮጦ ገበያው ውስጥ እየገባ ነው። የተጨመረችው አንዲት ፊደል ናት። በዚህች ፊደል ሸማች ሁሉ ዘወር ይላል። ላቲን፣ ጀርመንኛና ሩስያኛ ይህን ልዩነት በየራሳቸው መንገድ ያውቁታል። የእኛ የቅኔ ተማሪም ቢሆን አይደነቅበትም፤ ግዕዝ «ቦአ ሀገረ» ሲል ሀገሩን በተሳቢ አናብቦ መግባቱን ያሳያል። ዛሜንሆፍ ከልጅነቱ የተማረው ዕብራይስጥም በስሙ መጨረሻ «ሄ» ጨምሮ ወደየት እንደሚኬድ የሚጠቁምበት ዘዴ አለው። ስለዚህ ይህ ደንብ የአውሮፓ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። በእኔ ዐይን ከ16ቱ ሁሉ የተዋበው እሱ ነው።

ግን አህያውን እንደገና እንየው። ግሡ በሁለቱም ዐረፍተ ነገር ያው «ኩራስ» (ይሮጣል) ነው። መግባቱን ግሡ አልተናገረም፤ የተናገረችው ፊደሏ ናት። በአማርኛ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አህያው እየሮጠ «ገባ»። ዋናው ግሥ መግባቱን ይይዛል፤ ሩጫው አጃቢ ነው። ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተሻገረ፣ ዞረ፣ አለፈ፣ ደረሰ፣ ተመለሰ፦ አማርኛ መንገዱን ለየብቻ ስም አውጥቶለታል። አኳኋኑን ደግሞ በጎን ያስከትላል፤ ሮጦ፣ እየዋኘ፣ እየተንፏቀቀ።

ኤስፔራንቶ አኳኋኑን ግሥ ያደርግና መንገዱን እንደ ባዕድ መነሻ ይለጥፍበታል። «ኩሪ» መሮጥ ነው። «ኤንኩሪ» ሮጦ መግባት፣ «ኤልኩሪ» ሮጦ መውጣት፣ «ፎርኩሪ» ሮጦ መራቅ፣ «ትራኩሪ» በመካከል ሰንጥቆ መሮጥ፣ «ፕሬቴርኩሪ» በአጠገብ ሮጦ ማለፍ፣ «ቺርካውኩሪ» በዙሪያ መሮጥ ይሆናል። ከዚያ «ኩሪ»ን ያነሡና በቦታው «ናጂ» (መዋኘት)፣ «ፍሉጊ» (መብረር)፣ «ራምፒ» (መሳብ፣ በደረት መሄድ)፣ «ሳልቲ» (መዝለል) ያስገባሉ። ሃያ ግሥና ዐሥር ባዕድ መነሻ የያዘ ተማሪ ሁለት መቶ ቃል ሳይሸመድድ አገኘ ማለት ነው። ማስተማሪያ መጻሕፍቱ ይህን በኩራት ያሳያሉ፤ የሚያኮራም ነው።

ሌናርድ ታልሚ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ በ1985 ባሳተመው ጥናት የዓለም ቋንቋዎች እንቅስቃሴን ሲናገሩ በዚህ መልክ እንደሚለያዩ አሳይቷል። አንዳንዶቹ መንገዱን በግሡ ሆድ ውስጥ ያኖራሉ፤ ሌሎቹ ከግሡ ውጭ፣ በአጠገቡ ባለ ቁራጭ ቃል ያንጠለጥሉታል። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ሩስያኛ የኋለኞቹ ናቸው። ፈረንሳይኛና ስፓንኛ ግን ከአማርኛ ጋር በአንድ ወገን ይቆማሉ፤ ፈረንሳዊው ወንዙን «በዋና ተሻገረው» ይላል እንጂ «ተሻጋሪ-ዋኘው» አይልም። እንግዲህ ጉዳዩ አውሮፓና እኛ አይደለም። ጉዳዩ ዛሜንሆፍ ከአውሮፓ ውስጥ የትኛውን መረጠ ነው። ቃላቱን በብዛት ከላቲን ልጆች ወሰደ፤ አረማመዱን ግን ቤቱ ይነገሩ ከነበሩት ከሩስያኛና ከዪዲሽ ቀጠለው። ኤስፔራንቶ ልብሱ የሮም፣ እርምጃው የቢያሊስቶክ ነው።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልብኝ ወደ ትረካ ልውሰደው። አማርኛ ተራኪ አንድን እስረኛ ሲያስመልጥ «ግድግዳውን ታኮ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ በእንብርክኩ እየዳኸ ወጣ» ይላል። ሰሚው «ወጣ» እስኪባል ድረስ ትንፋሹን ይይዛል፤ «ተያዘ» ሊባልም ይችል ነበራ! ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥና መንገዱም ያለው እዚያው ማሰሪያው ውስጥ ስለሆነ ልብ የሚሰቅለው ቋንቋው ራሱ ነው። በኤስፔራንቶ «ኤልራምፒስ» ይባልና መውጣቱ ከመዳሁ በፊት በሁለት ፊደል ይነገራል። ጎበዝ ደራሲ ሌላ መላ አያጣም፤ የምለው መላውን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገርም አለ። «ሱፕሬኒሪ» ወደ ላይ መውጣት ነው፤ «ሱፕሬን» ወደ ላይ፣ «ኢሪ» መሄድ። መውረድስ? «ማልሱፕሬኒሪ»። «ማል» ተቃራኒ የሚያደርግ ባዕድ መነሻ ስለሆነ ቃሉ ሲፈታ «የወደ-ላይ ተቃራኒ መሄድ» ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ይህን ቃል ተናግሮ ሳይጨርስ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። አማርኛ «ወረደ» ብሎ ጨረሰ። ውሃ ይወርዳል፣ ንጉሥ ይወርዳል፣ ሸክም ይወርዳል፣ እንባ ይወርዳል። አንዲቱ ቃል ይህን ሁሉ የቻለችው ሥር ስለሆነች ነው፤ ከሌላ ቃል የተቀነሰች ስላልሆነች።

መሄድና መምጣት ላይ ብዙ አልቆይም። «ኢሪ» መሄድ፣ «ቬኒ» መምጣት ነው። «ቬቱሪ» የሚባል ሦስተኛ አለ፤ በተሽከርካሪ መሄድ። ይህም የጀርመንና የሩስያ ልማድ ነው፤ እኛ በእግርም በአውቶቡስም ያው «ሄድን» ነው የምንለው። ሰው ሲጠራን ደግሞ ገና ከወንበራችን ሳንነሣ «መጣሁ!» እንላለን። በኤስፔራንቶ «ሚ ቬኒስ» ብሎ የመለሰ ሰው ግን መጥቷል ማለት ነው፤ ጠሪው ዙሪያውን ያያል፣ ማንንም አያገኝም።

ስለ ትምህርቱ አሰጣጥ አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1920ዎቹ አንድሬኦ ቼ የተባለ የትራንሲልቫንያ ካቶሊክ ቄስ ያለ መጽሐፍ የማስተማር ዘዴ አስፋፋ። አስተማሪው ዕቃ እያነሣ፣ እየተራመደ፣ እየቀለደ ይጠይቃል፤ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ትርጉም የለም፣ የአገር ቋንቋም አይነገርም። የዛሜንሆፍ የመጨረሻ ልጅ ሊድያ በዚህ ዘዴ በፈረንሳይ፣ በስዊድንና ሌሎችም አገሮች አስተምራለች። በ1937 ወደ አሜሪካ ሄዳ እዚያም አስተማረች። የቆይታ ፈቃዷ ሳይታደስ ቀርቶ በ1938 ወደ ፖላንድ ተመለሰች፤ በ1942 ናዚዎች በትሬብሊንካ ገደሏት። አባቷ ጥላቻን በቋንቋ አከስማለሁ ብሎ ተነሥቶ ልጁ የሞተችው እንዲህ ነው።

የቼ ዘዴ ቃልን ከሰውነት ጋር ያስተሳስራል፤ ለእንቅስቃሴ ቃላት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ግን እስቲ አስቡት፦ አስተማሪው ሮጦ ከክፍሉ ወጣ፤ «ምን አደረገ?» ተብሎ ቢጠየቅ የስዊድን ልጆች የሚመልሱትና የጎንደር ልጆች የሚመልሱት አንድ ነው? የስዊድኑ ልጅ ዐይኑ እግሩ ላይ ነው፤ «ሮጠ… ወደ ውጭ» ይላል። የጎንደሩ ልጅ ዐይኑ በሩ ላይ ነው፤ «ወጣ!» ይላል። ሁለቱም ያዩት አንድ ሰው ነው። ያለ ትርጉም የሚያስተምር ሰው ተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ነገር እንዳዩ አድርጎ ይቀጥላል።

ወደ ማወዳደሩ ልለፍ። 3ኛው ደንብ አጭር ነው። «ፕሊ» (ይበልጥ) ከቅጽሉ ፊት ይገባል፤ የሚወዳደረው ነገር «ኦል» በሚል ቃል ይመጣል፤ ከሁሉ የሚበልጠው «ፕሌይ» ይባላል። «ፕሊ ግራንዳ ኦል…» ማለት «ከ… ይበልጥ ትልቅ» ነው። ኤክዜርጻሮ ላይ ዛሜንሆፍ ያቀረባቸው ንጽጽሮች የአንድ ሐኪም ቤት ማዕድ ይመስላሉ። የወረቀትን ንጣት ከበረዶ ጋር፣ የወተትን ጠቀሜታ ከወይን ጠጅ ጋር፣ የአንዱን ዳቦ ትኩስነት ከሌላው ዳቦ ጋር ያስተያያል። በረዶው ላይ ፈገግ አልሁ። ለእኛ በረዶ ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድብ እህል አጥፊ ነው፤ ንጣቱን ማን ልብ ብሎት ያውቃል? እኛስ «እንደ ጥጥ» ነው የምንለው።

ዋናው ነገር ግን በረዶው ሳይሆን «ኦል» ነው። «ኦል» ማወዳደሪያ ለመሆን ብቻ የተፈጠረ ቃል ነው ማለት ይቻላል። አማርኛ እንዲህ ያለ ቃል የለውም። ያለው «ከ» ነው፤ «ከ» ደግሞ የመንገደኛ ቃል ነው። «ከጎንደር መጣ» እንላለን፤ በዚያው አፋችን «ከወንድሙ ይረዝማል» እንላለን። ማወዳደር ለእኛ ጉዞ ነው። ከወንድሙ አናት ተነሥተን ወደ ላይ እንሄዳለን፤ የተረፈው መንገድ ብልጫው ነው። ቅጽሉም አይነካም፤ ሥራውን የሚሠራው ግሥ ነው፤ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይሻላል፣ ይከፋል፣ ይበልጣል፣ ያንሳል። «ይልቅ» የምንለውም ቢሆን «ላቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አንዳንዴማ ግሡም አያስፈልግም። «ከመሞት መሰንበት» በሚለው ውስጥ «ይበልጥ» የት አለ? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ውስጥስ? «ከ» ብቻዋን ተሸክማዋለች። ሁለተኛውን ወደ ኤስፔራንቶ ብመልሰው «ፕሊ ቦና ኤስታስ ፕሮክሲማ ናይባሮ ኦል ማልፕሮክሲማ ፓሬንጾ» ሆነብኝ። አራት ቃል የነበረው ስምንት ሆነ፤ ሩቁ ዘመድም «ቅርብ ያልሆነ» ዘመድ ተባለ።

በዚህ ላይ ዛሜንሆፍን የምወቅሰው ስላላወቀ አይደለም። ያውቅ ነበር! ዕብራይስጥ የሚያወዳድረው ልክ እንደ አማርኛ በ«ከ» ነው፤ «ሚን» ይለዋል። ግዕዝም «እምነ» ይላል። ዛሜንሆፍ የዕብራይስጡን መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ወደ ኤስፔራንቶ የተረጎመ ሰው ነው፤ በ1917 ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ነበር የጨረሰው። በመጽሐፈ ምሳሌ ስለ ቅርብ ጎረቤትና ስለ ሩቅ ወንድም የተነገረውን፣ ከእኛ ተረት ጋር ወንድማማች የሆነውን ቃል ሲተረጉም ብዕሩ ሥር የነበረው ያው «ሚን» ነው። ዐረብኛ፣ ቱርክኛ፣ ሂንዲና ጃፓንኛ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ሐውሳና ዮሩባ ደግሞ «በለጠ» በሚል ግሥ ያወዳድራሉ። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ የሰው ልጅ ትንሽ ክፍል አይደሉም። ዛሜንሆፍ የአባቶቹን መንገድ ትቶ የጎረቤቶቹን ያዘ። የጎረቤቶቹ ጥላቻ ያስጨንቀው ስለነበር ይሆን? ይህ የእኔ ግምት ነው።

ሆኖም «ኦል» አንድ ቦታ ላይ ይረታናል። «ከእሱ ይበልጥ እወድሻለሁ» የተባለች ሴት ምን ትረዳ? እሱ ከሚወዳት ይበልጥ? ወይስ ተናጋሪው እሱን ከሚወደው ይበልጥ? አማርኛ ዐረፍተ ነገሩን አስረዝሞ ካልሆነ አይለየውም። ኤስፔራንቶ «ኦል ሊ» ካለ የመጀመሪያው ነው፤ «ኦል ሊን» ካለ ሁለተኛው። ያቺ አህያዋን ወደ ገበያ ያስገባችው «ን» እዚህ መጥታ ፍቅርን ዳኘች። ኢዶዎች ይህችን ፊደል ሲያባርሩ ምን ያህል እንዳጡ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

«ማል» ግን በማወዳደር ላይ ያስቸግራል። ዛሜንሆፍ ተማሪው የሚሸመድደውን ቃል ለማሳነስ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ብቻ ሰየመ። ትልቅ «ግራንዳ» ነው፤ ትንሽ «ማልግራንዳ»። ወጣት «ዩና» ነው፤ አሮጌ «ማልዩና»። ሽማግሌን «ወጣት ያልሆነ» ብሎ መጥራት በእኛ አገር ከአደባባይ ያስነሣል። ለማወዳደር ሲነሡ ደግሞ «ማልፕሊ ግራንዳ» (ትልቅነቱ የሚያንስ) እና «ፕሊ ማልግራንዳ» (ትንሽነቱ የሚብስ) የሚባሉ ሁለት ጎረቤታሞች ይመጣሉ። «ማል» የቱ ላይ እንደተለጠፈ ለማስታወስ ጀማሪ ጣቱን ይቆጥራል። የኤስፔራንቶ ገጣሚዎች ራሳቸው ሰልችቷቸው ለ«ማልዩና» «ኦልዳ»ን፣ ለ«ማሎንጋ» (አጭር) «ኩርታ»ን ፈጥረዋል። ወግ አጥባቂዎቹ እስከ ዛሬ ያንኳስሷቸዋል፤ እኔ ከገጣሚዎቹ ጋር ነኝ።

እስካሁን ያልሁትን ይዞ «እንግዲያው ቋንቋው የፈረንጅ ነው፣ ይቅርብን» የሚል አንባቢ ቢኖር ግን አልስማማም። ምክንያቱም ቋንቋው ከመጻሕፍቱ የሰፋ ነው። ያው ደንቡ «ሊ ኤኒሪስ ኩራንቴ» ማለትን ይፈቅዳል፤ «እየሮጠ ገባ»። መንገዱ ግሥ ሆነ፣ ሩጫው አጃቢ። «ትራንሲሪስ ላ ሪቬሮን ናጃንቴ»፣ «ወንዙን እየዋኘ ተሻገረ»። ማንም ስሕተት ነው ሊለው አይችልም። ቅጽልን ግሥ ማድረግም ይቻላል፤ «አልታ» (ረጅም) ከሚለው «ሊ አልታስ»፣ «ረጅም ነው» በአንድ ቃል። «ሱፔሪ» የሚል ግሥም አለ፤ መብለጥ። «ሊ ሱፔራስ ሚን»፣ «ይበልጠኛል»። ሐውሳውም አማራውም እዚህ ቤቱን ያገኛል። «ፕሌይ»ም ቢቀር «ሱፔራስ ቺዩይን» አለ፤ «ሁሉንም ይበልጣል»። ዛሜንሆፍ በሩን ከፍቶታል። የዘጉት መልመጃዎቹ ናቸው፤ ተማሪውን መጀመሪያ በ«ኤንኩሪስ»ና በ«ፕሊ… ኦል» ስለሚያስገቡት ሌላው በር መኖሩን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝም ልናገር። ከእንግሊዝኛ የሚመለሱ የአማርኛ ጽሑፎችን ሳነብ ያው ነገር በተቃራኒ አቅጣጫ ሲመጣ አያለሁ። «ወደ ክፍሉ ውስጥ ሮጠ» ይላል ተርጓሚው። ሰውዬው ገባ? አልገባም? በእንግሊዝኛው ገብቷል፤ በአማርኛው ገና እየሮጠ ነው። «የበለጠ ትልቅ ቤት» ይላል፤ «የሚበልጥ ቤት» ወይም «ከዚህ የሚሰፋ ቤት» የሚለውን እናቱ ነግራዋለች፤ ብዕር ሲይዝ ግን ይጠፋበታል። ቃሎቹ ሁሉ ጥርት ያሉ የአማርኛ ቃሎች ስለሆኑ አርታዒም አይነቃም። ባዕድ ቃል ሲገባ ሁላችንም እንጮኻለን። ባዕድ እርምጃ ሲገባ የሚጮኽ የለም። ይህን ለማየት ደግሞ ኤስፔራንቶ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ጠቅሞኛል፤ እንግሊዝኛ በልማድ የሸፈነውን እሱ ገጣጥሞ ስለሠራው ስፌቱ ይታያል።

ፉንዳሜንቶ አይነካም ተብሏልና 43ኛ ክፍል አልጽፍበትም። ለአማርኛ ተናጋሪ መማሪያ ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው ካለ ግን ቅደም ተከተሉን መለወጥ ማንም አይከለክለውም። በመጀመሪያው ሳምንት «ን»ን ያስተምር፤ በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚያ «ኤኒሪ»፣ «ኤሊሪ»፣ «ትራንሲሪ»፣ «ሬቬኒ»፤ ገባ፣ ወጣ፣ ተሻገረ፣ ተመለሰ። ሩጫውንና ዋናውን በ«ኩራንቴ»ና በ«ናጃንቴ» ያስከትል። «ሱፔሪ» ከ«ፕሊ» ይቅደም። «ኤንኩሪስ» በሦስተኛው ሳምንት ቢመጣ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ተማሪው የሌላ ሰው አረማመድ መሆኑን እያወቀ ይራመደዋል።